ያወጣህልኝ የእንግሊዝ ስም

ጎንደር፣ ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ውድ ዋኘው፣

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። አንተ አዲስ አበባ ከሄድክ በኋላ፣ የተማሪ ቤቱ ዘበኛ አያ ሐዲስ ፊደል አስቆጠሩኝ።

የተማሪ ቤቱ ወጥ ቤት ሳለሁ ጓደኞችህን ይዘህ እየመጣህ ዳቦ ቆሎዬን ስትበሉ፣ በፊታቸው «ስናክ» ትለኝ ነበር። ሲስቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ትርጉሙን ብጠይቅህ በእንግሊዝ አገር የልብ ወዳጅ እንዲህ ይባላል አልከኝ። አመንኩህ። በእኛ ፊደል ወረቀት ላይ አስጽፌህ፣ ማክሰኝት ገበያ ወርጄ ክንዴ ላይ አስነቀስኩት። ቁስሉ ሳይጠግግ ባሳይህ፣ «ሸጋ ነው» አልከኝ።

ማንበብ እንደቻልኩ ክንዴን ለተማሪ ቤቱ ሕንዳዊ መምህር አሳይቼ አነበብኩላቸው። ትልቁን መዝገበ ቃላት አውጥተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ምሳ እስኪደርስ አፍ ውስጥ ጣል የሚደረግ ነገር ነው አሉኝ። በጥንት ጊዜ ደግሞ የውሻ ንክሻ ማለት ነበር አሉ። ማን እንዲህ እንዳለኝ ሲጠይቁኝ አልነገርኳቸውም።

አምና በሚያዝያ እናትህ እትዬ አባይነሽ ፀዳ ወዳለው ቤታቸው አስጠሩኝ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ደብዳቤህን የሚያነብላቸው አጥተው ነበር። በግንቦት እንደምታገባ፣ መጥተው እንዲመርቁህ፣ ከዚያም አንተው ዘንድ እንዲኖሩ ጽፈህላቸዋል። ወረቀቱን ይዤ፣ «እናቴ ሞታለች ብዬ ነው የማገባው፤ እንዳትመጪ ይላል» አልኳቸው።

«እንዲያ ብሎ ጻፈ?»

«አዎ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።

ከሠርግህ በኋላ የላክኻቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች እጄ ሲገቡ፣ መምጣታቸውን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ስምህን አንስተው አያውቁም። ለጎረቤት ልጅ የለኝም ማለት ጀመሩ። ክፉ ሥራ መሥራቴን አውቃለሁ፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም።

በጥቅምት መግቢያ ታመው ተኙ። ውኃ ሳቀምሳቸው እጄን ያዙኝና፣ «ካሰች፣ ይቅር ብዬዋለሁ ብለሽ ጻፊለት። ሳልሞት ይድረሰው» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ኖሩ። በየጠዋቱ ጻፍሽለት ወይ ይሉኝ ነበር፤ ጽፌለታለሁ እላቸው ነበር።

ዛሬ አርባቸው ወጣ። ይኸው ጻፍኩልህ።

ካሰች