በሒሳቡ ቀን አንገቴን የነቀነቅኩት

ኮልፌ፣ ሐምሌ 23

ለጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? አምቦስ እንዴት ይዞሻል? አክስትሽ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እስካሁን የዋሸሁት ይበቃኛል። እንቅልፍም ምግብም እምቢ ካለኝ ሳምንት አለፈ። እናቴ ውጤት ፈርታ ነው እያለች ለጎረቤት ታወራለች፤ እኔም ዝም ብያታለሁ።

ይህን ነገር ቴሌግራም ላይ ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ። ፊት ለፊት ደግሞ ወኔው የለኝም፣ ታውቂኛለሽ። እባክሽ ወረቀቱን ሳትቀጂ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ፅዮን ቤት በረንዳ ላይ የሆነውን አስታውሺው። ከፈተና በተመለስን ማግስት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኛ ስምንት ሆነን አንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀናል። እኔ አልመጣም ብዬ ነበር፤ ጎትተሽ ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ። ኑሕ ያን ደብተሩን ይዞ ዳኛ ሆነ። ፈተናውን ያወጣው እሱ ይመስል! ማንም ሰው መልስ ከመናገሩ በፊት የጥያቄ ወረቀቱን ኮድ ይናገር አለ። ልክ ነው፤ ጥያቄው አንድ ቢሆንም ተራ ቁጥሩ በየኮዱ የተዘበራረቀ ነው፤ የአንዱ ሠላሳ አንደኛ የሌላው ስምንተኛ ነው። እኔ ኮድ የሚለውን ቃል ስሰማ ወደ አግዳሚው ጫፍ ሸሸሁ።

መጀመሪያ በእንግሊዝኛው ተጨቃጨቁ። ከዚያ ሒሳብ መጣ፤ ፅዮን የኳሶቹን ጥያቄ ስታለች ተብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንቺ ግን እንዴት ደስ ብሎሽ ነበር! ሒሳብ በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አልከበደሽም። ሠላሳ አንደኛው ሲ ነው ብለሽ ጮህሽ። ኑሕ ኮድሽን ጠየቀሽ፤ አሥራ ሁለት አልሽው። የኔም አሥራ ሁለት ነው፣ ሠላሳ አንደኛው ኤ ነው አለሽ። ፅዮንም ኮዷ ያው አሥራ ሁለት ነበር፤ እሷም ኤ ነው ያልኩት አለች። ሠላሳ ሁለተኛውንም፣ ሠላሳ ሦስተኛውንም ጠሩ፤ አንዱም ካንቺ ጋር አልገጠመም። አንቺ ግን ሳቅሽ። ወደ እኔ ዞረሽ፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ አልሽኝ።

ሁሉም አፈጠጡብኝ። ኑሕ፣ ያንቺስ ኮድ ስንት ነበር አለኝ። ረሳሁት አልኩት። ኑሕ፣ አንቺ ኮድሽን ትረሻለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ያኔ አንቺ ምን አልሽ? ተዋት፣ ደክሟታል፣ ፈተናው አልቋል አይደል እንዴ ብለሽ ጮህሽበት። ለእኔ ተቆጣሽልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

አልረሳሁትም። ኮዴ አሥራ አራት ነበር።

ሒሳብ ከመጀመሩ በፊት፣ ፈታኙ ወደ ኋላ ሲዞር፣ ጣትሽን የጥያቄ ወረቀትሽ ሽፋን ላይ አድርገሽ በቅንድብሽ ጠየቅሽኝ፦ አንድ ነን? ያንቺን አሥራ ሁለት ቁልጭ አድርጌ አይቼዋለሁ። አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩልሽ። እሱ ሳያንስ መልስ መስጫዬን በደንብ እንድታዪው ወደ ጠርዝ ገፋሁልሽ። አንቺም እየተጣደፍሽ ስታጠቁሪ ሰማሁሽ፤ እርሳስሽ ከኔ እርሳስ ኋላ ኋላ ይከተል ነበር። አንዴ ሳል ብል በቂ ነበር፤ ዝም አልኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ስትሰሚው ታፍሪብኛለሽ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ምሳ ሰልፍ ላይ ልጆቹ ሒሳብ አጥንተሻል ወይ ሲሉሽ፣ በትከሻሽ ወደ እኔ እያመለከትሽ፣ እኔ ምን አስጠናኝ፣ መጽሐፌ በእግሯ ትሄዳለች አልሽ። ሰልፉ ሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ውስጤ በገነ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያስጠናሁሽ፣ የቤት ሥራ የሠራሁልሽ፣ ያ ሁሉ ለዚህ ነው ወይ አልኩ። በቃ ይኸው ነው ምክንያቴ። አንዲት ቀልድ!

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሁሉን እያወቅኩ ማድረጌ ነው። ወደ ፈተና ስንሄድ አውቶቡሱ ውስጥ በጆሮዬ ነግረሽኛል። ካላለፍሽ አጎትሽ ጋሽ ጉዲሳ ዓረብ አገር ሊልኩሽ ፓስፖርት አስወጥተው፣ የጤና ምርመራ አስጨርሰው መቀመጣቸውን ነግረሽኛል። እጅሽ በረዶ ሆኖ ነበር፤ እጄ ውስጥ አስገብቼ ያሞቅኩት እኔው ነኝ። በዚያው እጄ ነው ወረቀቱን የገፋሁት።

ከፅዮን ቤት ስንመለስ በአንድ ጃንጥላ እስከ ማዞሪያው ሄድን። እንዳንቺ ለፍላፊ የለም፤ ያን ቀን ግን አንድም ነገር አልተናገርሽም። ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ብቻ፣ እውነት ኮድሽን ረስተሽው ነው አልሽኝ። አዎ አልኩ። እሺ አልሽ። ከዚያ አቀፍሽኝ፤ ጃንጥላው ወድቆ እስክንበሰብስ ድረስ አለቀቅሽኝም። እኔ ሞኟ፣ ምንም አልገባትም ብዬ ቤቴ ገባሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ሒሳብ አንድ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛሽ ከሁላችንም ይበልጣል፤ ባዮሎጂውን ራስሽ ነው የሠራሽው። ውጤት ገና አልወጣም። ሳይወጣ ምንም ነገር እንዳትወስኚ። ብትወድቂም ማካካሻው ሪሚዲያል አለ፣ በግል ተመዝግቦ መፈተን አለ፤ ቁጭ ብዬ አስጠናሻለሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ። ጋሽ ጉዲሳ ፊት ቆሜ ያጠፋኋት እኔ ነኝ ልበላቸው፤ ይምቱኝ ከፈለጉ።

ዛሬ ጠዋት አድራሻሽን ልቀበል እናትሽ ጋ ሄጄ ነበር። አምቦ አክስቷ ጋ ለዕረፍት ሄዳለች አሉኝ፤ ዓይናቸው አብጦ ነበር። ስልክሽ የማይሠራው ለምንድን ነው ስላቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ደብዳቤውን ስጪኝ፣ ጉዲሳ ያደርስላታል አሉኝ። ወፍራሙ ሹራብሽ በሩ ኋላ ተንጠልጥሏል። የዝናብ ቦቲሽ ደጃፍ ላይ ነው። እትዬ፣ ይህን ሁሉ ትታ ምን ለብሳ ሄደች ስላቸው፣ ስስ ስሱን ልብስ ነው የያዘችው አሉኝ።

እህቴ፣ በሐምሌ አምቦ ይበርዳል።

የት እንዳለሽ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ባለሽበት እሱ ይጠብቅሽ። ደግ ሰው ቤት ይጣልሽ። እኔን ይቅር ባትይኝ እንኳ ድምፅሽን አሰሚኝ።

ጓደኛሽ፣ አሁንም እንደዚያ ብለሽ የምትጠሪኝ ከሆነ