ወፏን በድንጋይ ለሚጠብቀው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የደሴቱ ብሔራዊ ፓርክ ዋና ኃላፊ፤ ካሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ጉዳያችንን ሳታይ ለፈረመችው ቀኝ እጅዎ ፍጹም ጤና እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴቱ ላይ ተወልዶ ያደገው፣ ፓርኩ ሲከለል ከነቤተሰቡ እንዲነሣ የተደረገው ሽማግሌ አባቴ፣ ዓይኑ ጨርሶ ሳይደክም ያቺን መብረር የማትችል ብርቅዬ ወፍ እንደገና አንዴ እንዲያያት ብዬ ባለፈው እሑድ ይዤው መጥቼ ነበር። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ፣ ወፏን ሳያይ ተመልሶ ቅር እንዳይለው፣ ጠባቂዎ ቁጥቋጦው ውስጥ ድንጋይ እየወረወረ እንደሚያስወጣት ተመልክተናል። የዘወትር አሠራራችሁ መሆኑንም ራሱ ነግሮናል። እንዲህ ያለ ጠባቂ እያለ አዳኝ ምን ሥራ አለው?

፪ኛ. አባቴ ወፏ እንቁላል መታቀፏን አውቆ ተው ልጄ፣ ተው ቢል የሚሰማው አጣ። ስለዚህ ኮቱን አውልቆ እንደ መጋረጃ ዘረጋና ከፊቷ ቆመ። አንዱ ድንጋይ ክርኑን አግኝቶት እስካሁን እጁን እንደልቡ አያነሣም።

፫ኛ. ጽሕፈት ቤትዎም የዱር እንስሳ ረብሿል ብሎ አባቴን ዕድሜ ልኩን ከደሴቱ አግዶታል። ወፏን ካላሳያችሁኝ የሚለውን እንግዳ መቆጣት ሲያስፈራ ሽማግሌውን መቅጣት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። ለሰማንያ ዓመት ሰው ዕድሜ ልክ መፍረድዎ ግን ቁጠባ ማወቅዎን ያሳያል።

፬ኛ. ይቅርታ ጠይቆ ከፈረመ እገዳው እንደሚነሣለት በደግነት አሳውቃችሁናል። አይፈርምም፤ እኔም አላስፈርመውም። ያኔ ለወፏ ሲባል ቤትህን ልቀቅ ሲሉት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጓዙን ጠቅልሎ የወጣ ሰው ነው። ዛሬ ያችኑ ወፍ ስላዳነ ይቅርታ በል ሲባል ማየት አንጀቴን አሳርሮታል፤ በእናንተ ፈንታም አፍሬያለሁ።

ስለዚህ በመጪው እሑድ አባቴን ይዤ በመጀመሪያው ጀልባ እመጣለሁ። በር ላይ ከልክሉን፤ መብታችሁ ነው። እኛም በሩ ላይ ቁጭ ብለን ለሚገባው እንግዳ ሁሉ ለምን እንደታገድን ስናስረዳ እንውላለን።

ከወንበርዎ ላለመነሣት ለሚያደርጉት የማያቋርጥ ተጋድሎ ካለኝ ጥልቅ አድናቆት ጋር፣

እጅ የምነሣ፣
የታገደው ሽማግሌ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ወፏን የረበሸው ማን እንደሆነ ለማጣራት ኮሚቴ በማቋቋም አይድከሙ። ጠባቂዎ የመጨረሻውን ድንጋይ ሲያነሣ ወፏ ሮጣ የተሸጎጠችው አባቴ እግር ሥር ነው፤ እንግዶችዎም አንድ ሳይቀሩ ፎቶ አንሥተዋታል።