ቀዳዳ ካልሲ የለበሰው ወይን

ይድረስ ለእታለሜ፣

ኃላፊዬ ብርጭቆውን ከከንፈሩ አውርዶ፣ "ይኼ ሬሳ ነው፤ ቀብሩን አታሳድሩት" ያለ ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገሬ የገባሁት ሆዴ ሞልቶ ነውና አትቀየሚኝ። ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አባባ መድኃኒቱን ያለ ጭቅጭቅ መዋጥ ጀመረ? መንትዮቹ ጥርሳቸውን አወለቁ ወይስ አሁንም በክር እያሰሩ ያስፈራሩሻል? እኔ ከአክስታችን ጋር ደህና ነኝ። ንዴቴን ካልቆጠርሽው ጤነኛ ነኝ።

እንደምታውቂው የምሠራው ወይን ጠጅ ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ከየበርሜሉ አቀላቅሎ ቀዩን ወይን የሚቀምመው ግን ኃላፊያችን ብቻ ነው፤ እኛ ከጀርባው "ወርቅ ምላስ" የምንለው። ክረምቱን ሙሉ የራሴን ቅልቅል እየሠራሁ ባቀርብለት፣ አንድም ቀን ሳይቀምሰው "አንቺ አሲዱን ለኪ፤ መቅመሱን ለእኛ ተይ" እያለ መለሰኝ። የተማርኩት ይህንኑ ወይን መቀመም መሆኑን እያወቀ። በመጨረሻ ነገሩ የፋብሪካው ባለቤት ጆሮ ገባ። ሴትዮዋ በሳል ሰው ናቸው፤ ወይን የሚጠጣው ከምግብ ጋር ስለሆነ እራት ላይ እንቅመሰው፣ የበለጠው ለመጪው ዓመት ይታሸግ አሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ማን ይቻላት! እኔ ቤት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላ ጠራቻቸው።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ቀይ ወይን ቀረበ፤ አንዱ ፋብሪካው ለዓመታት የሸጠው የወርቅ ምላስ ቅልቅል፣ አንዱ ከሱቅ የገዛነው፣ አንዱ የኔ። የትኛው የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ለጠርሙሶቹ የአክስቴን ባል ካልሲዎች አለበስኳቸው። ለኔው የደረሰው ተረከዙ የተቀደደው ነው። ሰውየው ካልሲ አጥቶ በባዶ እግሩ እንግዳ ተቀበለ እልሻለሁ።

ያላወቅሁት ነገር ነበር። አክስቴ ቀዳዳው የኔ መሆኑን አይታ ኖሮ፣ የልጄ መጠጥ ሞቆ ለእንግዳ አይቀርብም ብላ ከቀትር ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከታ፣ ማታም ራሷ ቀድታዋለች። ቀይ ወይን ደግሞ ሲበርድ መዓዛውን ይደብቅና ምላስን ብቻ ጭምድድ ያደርጋል። "ሬሳ" የተባለውን ብርጭቆ ስነካው እጄን በረደው፤ ወዲያው ገባኝ። ቀና ብዬ አክስቴን አየኋት። ፊቷ በኩራት በርቷል። እንዴት ብዬ በሰው ፊት ላሳፍራት?

ስለዚህ ምክንያቱን ሳልናገር፣ እስክንበላ ድረስ ብርጭቆውን በመዳፋችሁ አቅፋችሁ ያዙትና እንደገና ቅመሱት አልኳቸው። ወርቅ ምላስ፣ የሞተ በመታቀፍ አይነሳም ብሎ የራሱን ወደ እቃ ማጠቢያው ደፋው። ሴትዮዋ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ያዙት። ሥጋው ተበላ፣ ድንቹ ተበላ፣ ወሬው ከዝናቡ ወደ ቤት ኪራይ ዞረ። ከዚያ ቀመሱ። ሥጋ ጎርሰው እንደገና ቀመሱ። የሌሎቹን ብርጭቆዎች ገፋ አደረጉና "እስቲ ቀዳዳውን አቀብሉኝ" አሉ። የአክስቴ ባል ካልሲዬ አሸነፈች ብሎ በሳቅ ገደለን።

ካልሲው ወልቆ ጠርሙሱ የኔ መሆኑ ሲታይ ግን ወርቅ ምላስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እውነቱን ለመናገር ከአሮጌው በርሜል ጨምሪበት ብሎ መንገዱን ያሳየኝ እሱ እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ ማታ በፊት አንድ ቀን እንኳ ያልቀመሰው ሰውዬ! ደሜ ፈላ።

"ጌታዬ፣" አልኩት፣ "ሬሳ ሲሆን የኔ፣ ሲነሳ የእርስዎ?"

አንቺ አጠገቤ ብትኖሪ በጠረጴዛው ሥር ትቆነጥጪኝ ነበር። ሴትዮዋ እሱን ትክ ብለው አዩት፣ ቀጥሎ እኔን። የሚታሸገው የኔው እንደሆነ፣ የቀማሚነቱን ቦታ ነገር ደግሞ ሰኞ ቢሯቸው መጥቼ እንድንነጋገርበት ነገሩኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ አክስቴ ሳህን እያነሳች፣ "ባላቀዘቅዘው ኖሮ ጉድ ሆነሽ ነበር" አለችኝ። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩና አቅፌ ሳምኳት። አደራሽን፣ አንቺም እንዳትነግሪያት።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። መንትዮቹን ጥርስ ባይኖራቸውም ጉንጫቸውን። ለጎረቤታችን ለእማማ የላኩልኝ ሻል እንደሚሞቀኝ ንገሪልኝ። ለባልሽም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ "ሴት ልጅና መጠጥ" ብሎ ስብከቱን ሳይጀምር ግን ይህን ደብዳቤ አንብቢለት።

ሰኞን በተስፋ ነው የምጠብቀው፤ ቦታውን የሚሰጡኝ ይመስለኛል። ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ግን የቆረጥኩት ነገር አለ። ሳይቀምስ የፈረደብኝ ሰው፣ ሌላው ቀምሶ ሲወደው በሥራዬ ላይ ስሙን ሲለጥፍ አንገቴን ደፍቼ ማየት በቃኝ። ከእንግዲህ አልቀበልም።

ታናሽሽ

ከአክስታችን ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን