ወላጅ ሆኜ የሄድኩበት ቅዳሜ

ለእናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የአዲሱ ቤትሽ ደረጃ ይበዛል ብለሽ ስለነበር እሱን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። እኛ ደህና ነን። «ደህና» ያልኩት የሰላምታ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ መርምሬ አይደለም። ትንሹ ልጅሽ ፊሽካ ደህና ነው፤ የፊት ጥርሶቹ አሁንም ስላልገጠሙ ሲያወራ ያፏጫል፣ ስሙም እንደጸና ነው። አባዬም ደህና ነው። አንቺ የሄድሽ ሰሞን የፈታታትን የጎረቤት ሬዲዮ እስካሁን አልገጠማትም። አራት ወር ሆናት። ባለቤቷ መጀመሪያ በየሳምንቱ እየመጣች ትጨቀጭቀው ነበር። አሁን ስታልፍ በመስኮት አየት አድርጋት ትሄዳለች፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት፤ ባዶ ነው። «ወንድምሽ በሚመጣው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ይገባል፤ ያንቺ ትምህርት ቤት ለእሱ ይሆነው እንደሆነ አይተሽ እውነቱን ጻፊልኝ፤ የማይሆን ከሆነ እኔ ጋ አምጥቼ እዚህ አስገባዋለሁ» ነው ያልሽው። እሺ። እውነቱን እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ልጅ የሚያስገቡ ቤተሰቦች ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙበት ቀን ነበር። አባዬ ይሄዳል ብዬ ሸሚዙን ተኩሼ ወንበሩ ላይ አንጠለጠልኩለት። ሸሚዙን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሬዲዮዋን አየ። «አንቺ ሂጂ፣ ትምህርት ቤቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። አልተሳሳተም። ትተሽው የሄድሽውን ግራጫ ሹራብ ለበስኩና ፀጉሬን እንደ ትልቅ ሰው ወደ ኋላ ጠቅልዬ ወጣሁ።

በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመኝ። «ዛሬ ለወላጅ ብቻ ነው» አለ።

«ወላጅ ነኝ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ትናንት አርፍደሽ ስትለማመጪኝ ተማሪ ነበርሽ። በአንድ ሌሊት ምን ወለድሽ?» አለኝ።

«ወንድ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው» ስለው «ያሳድግልሽ» ብሎ በሩን ከፈተ። እማዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሳልለማመጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ትምህርት ቤቱ ይኸውልሽ። ፎቁ አራት ነው፤ በአንድ ጎኑ ጋራዥ፣ በሌላው ልብስ ሰፊዎች አሉ። የተማሪው ብዛት ሦስት መቶ አይሞላም። ሜዳ የለንም፤ ስፖርት የምንሠራው ጣሪያው ላይ ነው። ኳሱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጋራዡ ግቢ ይወድቃል፣ መካኒኩም ቅባት በቅባት አድርጎ ይመልስልናል። ቤተ መጻሕፍቱ የእኛን ቤት ሁለት ክፍሎች ያክላል። መጻሕፍቱ ግን ደህና ናቸው፤ እንዳያረጁ ተብሎ ይቆለፍባቸዋል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሦስት ማይክሮስኮፖች አሉ፣ አንዱ ያያል።

ዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ ሲያስጎበኝ እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው ብትሰሚ! ጣሪያውን «ክፍት የስፖርት ማዕከል» አለው። ሰውዬው በራሱ ቀልድ ቀድሞ የሚስቅ ነው፤ እኛ ደግሞ እየዘገየን እንደርስበታለን። ቤተ ሙከራው ጋ ስንደርስ ቁልፉን እየፈለገ ኪሱን ሲዳብስ፣ ከጎኔ የነበረች ሴት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እዚህ የምትማሪ ትመስያለሽ። እስቲ እውነቱን ንገሪን የኔ ልጅ፣ ይከፈታል?» አለችኝ።

«እንግዳ ሲመጣ» አልኳት።

ባሏ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። «መምህራኑስ?» አለች። ስለ ሒሳቡ መምህር ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስረድቶሽ ካልገባሽ ይቆጣል፤ ሦስተኛውን ግን ደረጃው ላይ አብሮሽ ቁጭ ብሎ በጠመኔ ወለሉ ላይ እየጻፈ ያስረዳሻል። የጽዳት ሠራተኛዋ እስካሁን ይቅር አላለችውም።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አትቆጪ። ከቅዳሜው በፊት ዘጠኝ የትምህርት ቀን ሙሉ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አልተማርኩም። ውኃ የሚመጣው ንጋት ላይ ስለሆነ ቀድሜ ነው የምነሳው። እናም አንድ ቀን በመጀመሪያው፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ተኛሁ። መምህሩ «ተኝተሻል?» ቢለኝ «አይ፣ ዓይኔን ከሒሳብ እያሳረፍኩት ነው» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ወደ ሥነ ሥርዓት ኃላፊው ተላክሁ፤ ከመምጣቱ በፊት ጫማው ስለሚሰማ «ኮቴ» የምንለው። «ወላጅ ሳታመጪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል እንዳትገቢ» አለኝ። ለአባዬ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። «ነገ» አለ። የአባዬን ነገ ታውቂዋለሽ። በየጠዋቱ የመጀመሪያዋን ሰዓት ከተቆለፉት መጻሕፍት ጋር ተፋጥጬ አሳለፍኩ። አልከፋኝም። ምንም አልሆንኩም። ቁጭ ብለው እንደሚሰሙት ዝናብ ነው።

ጉብኝቱ አለቀና ለምዝገባ ተሰለፍን። ቅጹን የሚሰጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኮቴ!

ተራዬ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። «ወላጅ አምጪ ብዬሽ አልነበረም እንዴ?»

«አመጣሁ። ይኸው።» ሹራቡን አስተካከልኩ።

አልሳቀም። «የማን ወላጅ?»

«የወንድሜ። ዘጠነኛ ሊገባ ነው።»

«እናትሽስ?»

«ሌላ ከተማ ናት፣ ሥራ ላይ።»

«አባትሽስ?»

«ሬዲዮ እየጠገነ ነው።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ?»

«አራት ወር» አልኩ። አፌ ነው እማዬ፤ ሳላስበው አመለጠኝ።

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀምረዋል። ቅጹን ሰጠኝ፤ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» የሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ። ልሄድ ስል «ቆይ» አለኝ። ያንን ሁላችንም የምንፈራውን ጥቁር መዝገብ ከመሳቢያው አወጣና የእኔ ስም ያለበትን ገጽ ገልጦ ወደ እኔ አዞረው። ጣቱን የወላጅ ፊርማ የሚለው ላይ አሳረፈ።

«እዚህም ፈርሚ።»

«ለማን?»

«ለልጅቷ ነዋ። ንገሪያትም። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍሏ ትግባ። ከተኛችም መልስ ሳትሰጥ ትተኛ።»

«እነግራታለሁ» አልኩት። ፈረምኩ። በአንድ ጠዋት የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ወጣሁ። ዘበኛው ሲያየኝ «ሕፃኑ ደህና ነው?» አለኝ፤ «መንታ ነው» አልኩት።

ሰኞ ገባሁ። የሒሳቡ መምህር አየኝና ጠመኔውን አነሳ።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው፦ ትምህርት ቤቱ ጠባብ ነው፣ ቤተ ሙከራው ለእንግዳ ነው፣ ደረጃው ያንቺን ቤት ደረጃ ያስንቃል። ግን ሰው ሲጎድል ይታወቃል። አንድ ወንበር ባዶ ከሆነ እስከ ረፍት ሰዓት ዘበኛው ጭምር ሰምቷል። ለፊሽካ ይሆነዋል። ለራሴ ብዬ እንዳልዋሽሽ ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት፤ ማይክሮስኮፑን እንኳ አልደበቅኩሽም።

ቅዳሜ ቤት ስመለስ ፊሽካ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። «እንዴት ነው?» አለኝ። ስለ ኳሱና ስለ መካኒኩ ነገርኩት። «ሁልጊዜ ይመልሰዋል?» አለ። ሁልጊዜ አልኩት። ከዚያ «እማዬ ጋ ብሄድስ፣ አንቺ?» አለኝ።

«እኔ ሬዲዮዋን እጠብቃለሁ» አልኩት።

ወደ ውስጥ ገባና የአባዬን ሸሚዝ ከወንበሩ ላይ አንስቶ አጠፈው። አስተጣጠፉን ከማን እንደተማረ አላውቅም፤ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ፣ ልክ እንዳንቺ።

የቅጹ መመለሻ የሚመጣው ሳምንት አርብ ነው። ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። አላስገባሁትም። አንቺ «ላኪው» ካልሽ ሻንጣውን አዘጋጃለሁ። እዚህ ይማር ካልሽም በራሴ እጅ እወስደዋለሁ፤ ዘበኛው ለምዶኛል። እስከ አርብ እጠብቃለሁ።

ጤና ይስጥሽ እማዬ። የምትወጪው ደረጃ ይጠርልሽ፣ ጉልበትሽ ይጽናልሽ። ፊሽካ ይስምሻል። አባዬ ሰላም በያት አላለኝም፤ ግን ለአንቺ እየጻፍኩ መሆኔን ስነግረው የሬዲዮዋን ድምፅ ማጉያ አንስቶ አቧራውን እፍ አለላት። እንደ ሰላምታ ቁጠሪው።

የዚህን ወረቀት ጀርባ ባዶ ትቼልሻለሁ። ስትመልሺልኝ ቦታ እንዳያጥርሽ።

ትልቋ ልጅሽ