አባባና ቀዩ መድኃኒት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለፍሬምናጦስ አስፋው
ሰመራ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። አንተ እንዴት ነህ? ባለቤትህ መቅዲ እንዴት ናት? ሕፃኗስ ሙቀቱን ለመደችው ወይስ አሁንም ታስቸግራችኋለች? የመንገዱ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኔም፣ ባለቤቴ ወንድምአገኝም፣ ልጆቹም ደህና ነን። አባባን ግን ደህና ናቸው ብዬ አልዋሽህም። በስልክ እንዳልነግርህ ሳልጨርስ ታቋርጠኛለህ፤ ወረቀት አይቋረጥምና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ፍሬ፣ ተናድጄብሃለሁ። ይበርድልኝ ብዬ ሰነበትኩ፤ አልበረደልኝም።

የአባባ ሕመም ሊምፎማ የሚባለው፣ ከደም ካንሰር ወገን የሆነው እንደሆነ ታውቃለህ። አንገታቸው ላይ ሎሚ አክሎ የነበረው እብጠት ከሁለተኛው የሕክምና ዙር በኋላ ሟሽሾ ሻርባቸውን እንኳ ጥለውት ነበር። በደም ሥር ከሚሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ እንደ ቀለም የቀላ ነው። ስሙ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ አባባ ግን «ቀዩ» ነው የሚሉት። ይህን በወሰዱ ቀን ሽንታቸው ቀላ። መጀመሪያ ጊዜ አይተው ዝም አሉ። ሲደገም ደም እየሸናሁ ነው ብለው ደነገጡ። ለእኔ ለሴት ልጃቸው መናገር አፈሩና፣ ወንድ ልጅ አለኝ፣ የተማረ ልጅ አለኝ ብለው ላንተ ደወሉ።

አንተስ ምን አልካቸው? «ሐኪምዎን ይጠይቁ» ማለት ከብዶህ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ቲክቶክ ላይ የለፈለፈውን ይዘህ፣ «መርዝ ነው፣ ኩላሊትዎን ጨረሱት፣ ያቁሙት። ለእህቴ ለሠርኬ ግን አይንገሯት፣ ትጨነቃለች» አልካቸው።

በቀጠሮው ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው «ጎረቤት ይሸኘኛል፤ አንቺ ሥራሽ ሂጂ» አሉኝ። አመንኳቸው። ለካስ ልደታ ማርያም ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው የዋሉት። ማታ እንዴት ነበር ስላቸው «ተሰጠኝ» አሉኝ። ውሸት ሲሰሙ ከማዕድ የሚነሱት አባታችን፣ በአንተ ምክር ዋሹኝ!

ነገሩን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ሰሚራ ቢሮዬ ደውላ «አባታችን ምነው ጠፉብን?» ስትለኝ ነው። እየሮጥኩ ቤት ስገባ ሻርባቸው አንገታቸው ላይ ተመልሷል። ገለጥ ሳደርገው እብጠቱም ተመልሷል። አንተ የመከርካቸውንም ያን ጊዜ ነገሩኝ።

በማግሥቱ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ አልተቆጣቻቸውም። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ «አባባ፣ ያ ደም አይደለም፤ የመድኃኒቱ የራሱ ቀለም ነው። አንድ ሁለት ቀን ሽንት ያቀላል፣ ከዚያ ይጠራል» አለቻቸው። መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን እንደሚያጠፋ፣ የካንሰሩም ጠባይ እንዲያ መባዛት እንደሆነ፣ የፀጉር ሥርም ቶሎ ስለሚባዛ ያለ ጥፋቱ አብሮ እንደሚመታ አስረዳቻቸው። ጉዳት የለውም ብላ አልሸነገለቻቸውም። ልብ ሊያደክም ስለሚችል ነው ሳይጀምሩ ልባቸው በአልትራሳውንድ የታየው፤ መጠኑም ገደብ አለው። ዙር ሲዘለል ግን በሽታው ፋታ ያገኛል አለች።

አባባ በከዘራቸው ወለሉን መትተው «ታዲያ ይህን በመጀመሪያው ቀን እንዳትነግሪኝ ማን ከለከለሽ?» አሏት። እውነታቸውን ነው። እኔም ደሜ ፈላ። ሰው ሰውነቱ ውስጥ የሚገባውን ነገር ሳይነገረው በምን አንጀቱ ይመን? ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻቸውና «ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች። እሷ አመነች። አንተ ግን ስደውልልህ «ለደግ ብዬ ነው» አልከኝ።

ለደግ! አንተ የመንገድ መሐንዲስ ነህ። እኔ ሰመራ መጥቼ፣ በስልኬ ባየሁት ቪዲዮ ተነሥቼ አስፋልትህን አፍርስ ብልህ ታፈርሳለህ?

አሁን ሕክምናውን ቀጥለዋል። እብጠቱ እየቀነሰ ነው፤ ያ የተዘለለው ዙር ምን ያህል እንደጎዳቸው ግን ሐኪሟም ገና አላወቀችም። አባባ ዛሬ አያፍሩም። ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ «ቀዩ እየወጣ ነው!» ብለው ይጮኻሉ፣ ወንድምአገኝ ጉርሻው ትን እስኪለው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ያን ቪዲዮ ለሌላ ሰው ልከኸው ከሆነ፣ ዛሬውኑ ደውለህ ሐሰት ነው በል። የሌላ ሰው አባትም አባት ነው።

ወንድምአገኝ ሰላም ብሎሃል። ልጆቹ አጎታችን ይናፍቀናል ይላሉ። መቅዲን እቀፍልኝ፣ የሕፃኗን ጉንጭ ሳምልኝ። አባባን «ለፍሬ ምን ብዬ ሰላምታ ልጻፍልዎ?» ብላቸው «ቀዩን ሲሰጡኝ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ፤ ሰላምታውን ያን ጊዜ ከእጄ ይቀበላል» አሉኝ።

እህትህ ሠርካዲስ አስፋው
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.