ጎመኑ እስኪደርስ

አስቱዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሰፈራችን እንደምታውቂው ነው። ዝናብ ባባራ ቁጥር የታቦር ተራራ አረንጓዴ ሆኖ ቁልቁል ያየናል፤ መንገዳችን ደግሞ ጭቃ ስለሚሆን ባጃጆቹ ከታች አውርደውን ይመለሳሉ። እኔ ደህና ነኝ። እንዳታስቢ ብዬ አይደለም፣ ከጉልበቴ በቀር እውነትም ደህና ነኝ።

ፒያሳ ያለውን የብስክሌት መለዋወጫ ሱቃችንን ለእህትሽ ልጅ ለዳዊት አስረክቤያለሁ። ከእኔ የተሻለ ነጋዴ ወጥቶታል። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። ባልሽ ጎመን ተካይ ሆኗል። ጎመንና ሰላጣ ሲምታታበት የኖረው ያው ባልሽ።

እንዴት እንደጀመረ ልንገርሽ። ድንኳኑ ተነስቶ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ቤቱ ዝም ሲልብኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት ጥቅል ጎመን የዘራሽበት መደብ ላይ ችግኞቹ በቅለው፣ ያለበስሽውን ሣር ወደ ላይ እየገፉት ነበር። ማንም ውሃ አላጠጣቸውም፤ ዝናቡ ነው ያሳደጋቸው። ሣሩን አነሳሁላቸውና ምን እንደማደርጋቸው ጨንቆኝ ቆምኩ።

በዚያው ሰሞን ልጃችን ቤቴል ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ስትል፣ "አባዬ፣ ብቻህን እዚህ ምን ትሠራለህ? ቤቱን አከራይተነው እኔ ጋ ትኖራለህ" አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው፤ ልቆጣት አልቻልኩም። ግን ይህን ቤት ትቼ በሰው ከተማ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ መዋል ታየኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"የእናትሽ ጎመን ይድረስና እመጣለሁ" አልኳት።

በአንቺ ነገር አትጨክንም፤ እሺ ብላ ሄደች።

ችግኞቹን ማዛወር የጀመርኩ ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ አየችኝ። "አቶ ማቴዎስ፣ ቀበሯቸው እኮ። አናታቸው ካልተነፈሰ አይጠቀለሉም" አለች። ዞራ ገብታ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና፣ እስከ መጀመሪያው ቅጠል ብቻ አፈር አልብሶ፣ በአንዱና በሌላው መሃል አንድ ክንድ እየተዉ መትከል አሳየችኝ። አንቺ ይህን ያወቅሽው ከእሷ መሆኑን የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ትሉ ሲመጣ ደግሞ ከምድጃዋ አመድ አመጣችልኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት መነጽሬን አድርጌ፣ ቅጠሉን እየገለበጥኩ ትል እለቅማለሁ። ሱቅ መክፈትን የሚያስንቅ ሥራ ነው።

ከተራራው የሚወርዱት ጦጣዎች ግን አሸንፈውኛል። አንዷ ከጥቅል ጎመኑ ጎን የተከልኳትን የመጀመሪያ አበባ ጎመኔን ገንጥላ አጥሩ ላይ ወጣች፤ እንደ ሙሽራ አበባ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊት ለፊት እያየችኝ በላችው። ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ስል ያ የጋብቻችን መታሰቢያ ቀን ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ጽጌረዳ ገዝቼልሽ ብገባ አገላብጠሽ አይተሽ፣ ይበላል ወይ ብለሽ አልነበር? በዓመቱ አበባ ጎመን በአበባ ወረቀት አስጠቅልዬ ስሰጥሽ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ሆድሽን እስኪያምሽ ሳቅሽ። ማታውን በእንቁላል ጠብሰሽ በላነው።

የአንቺ ጥቅል ጎመን አማረበት። በመዳፌ ጫን ሳደርገው ጠንክሮ ሲገፋኝ መድረሱን አወቅሁ። የመጀመሪያውን ለወይዘሮ ዘይነባ ሰጠሁ፤ ሁለተኛውን በካሮትና በድንች ራሴ ሠራሁ። እርዱን አብዝቼው ጣቶቼ ቢጫ ሆነው ሰነበቱ እንጂ ወጡስ ደህና ነበር።

ቤቴል ታዲያ በደወለች ቁጥር፣ "ደረሰ?" ትለኛለች። ደርሷል፣ ግን ከቆረጥኩት ጉቶ ላይ እንደገና እያቆጠቆጠ ነው እላታለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አበባ ጎመኑ ገና ነው። የሐበሻ ጎመኑማ ከሥር ከሥሩ ሲለቅሙት መች ያልቃል? አንዱንም አልዋሸኋትም፤ አንዱ ሳይደርስ ሌላውን መዝራቴን ብቻ አልነገርኳትም።

ባለፈው ቅዳሜ ሳትነግረኝ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከትያት ወጣሁ። በአንድ በኩል የተቆረጠ ጉቶ፣ በሌላ በኩል መጠቅለል የጀመረ፣ ከዚያ ትናንት የተተከለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሣር የለበሰ አዲስ መደብ አለ። ቀስ ብላ ሁሉንም አየች።

"አባዬ፣ ይሄ ሁሉ መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ሁሉም በአንድ ላይ የሚደርስበት ቀን የለም፣ ልጄ" አልኳት።

ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበትና ሳቀች። ሳቋ ያንቺው ነው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ትንሽ አለቀሰች። ስትጨርስ በመዳፏ ፊቷን ጠርጋ፣ "እሺ፣ እዚሁ ሁን። ግን ጠዋት ጠዋት ሳትደውልልኝ ትል ለቀማ አትወጣም" አለችኝ። ተስማማን።

ስትሄድ በተቆረጠ ጀሪካን ችግኝ ተክዬ ሰጠኋት። አውቶቡስ ላይ ጭኗ ላይ አድርጋ ወሰደችው፤ አሁን በረንዳዋ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳልደውልላት ቀድማ ደወለች። ቅጠሉ ተበስቶባታል። "እማዬ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" አለችኝ። ስለ ትሉ ጀመርኩላት፤ ከዚያ አጎንብሰሽ ስትለቅሚ ስለምታንጎራጉሪው መዝሙር፣ ከዚያ እሷ ስላልተወለደችበት ዘመን አወራኋት። ሥራ እየረፈደባት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

እንዲህ ነው የማስታውስሽ፣ አስቱዬ። ብቻዬን ተክዤ ሳይሆን፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስምሽን ጮክ ብዬ እየጠራሁ።

ባልሽ ማቴዎስ