የንጉሡን እናት ለጠየቅሻት ለእማዬ

እማዬ፣ የኔ ደግ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽ ላይ ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ ከስምሽ በታች አንድ መስመር ሳልጨምር እንባዬ ቀደመኝና አጥፌ አስቀመጥኩት። የዛሬው ግን ሌላ ነው። የምሥራች ይዣለሁ። ብትሰሚው ከመቀመጫሽ ተነሥተሽ እልል እንደምትዪ ስለማውቅ ለመጻፍም ቸኩያለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ክፍልሽን የልጅ ልጅሽ ሜላት ወስዳዋለች። አልጋሽን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ሰማዩ ሲጠራ የሬኒየርን ተራራ እያየች ታጠናለች። ጎረቤታችን ቬትናማዊቷ ሴትዮ ዛሬም ከጓሮዋ ቅጠል ቆርጣ በራችን ላይ ታስቀምጣለች። አንድ ቃል ሳትግባቡ እንዴት ያን ያህል እንደተዋደዳችሁ አሁንም ይገርመኛል። እኔም ቱክዊላ ከተማ ባለው የሆቴል አንሶላ ማጠቢያ አለቃ ሆኛለሁ። ሁለት አውቶቡስ መቀያየሩ ቀርቶ አሮጌ ቶዮታ ገዝቻለሁ። ፓርክ ማድረግ ግን ገና አልተካንኩበትም፤ ሜላት ወርዳ በእጇ ካላሳየችኝ መንገዱን ዘግቼ ነው የምቆመው።

ዋናው ወሬ ግን ይኸውልሽ፦ አንቺ ባረፍሽ በሁለተኛው ወር ሜላት የንጉሥ አርተርን ታሪክ አንቺ በነገርሻት መንገድ ተናገረችው። በአዳራሽ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ያ መጽሐፍ ቤታችን የገባበትን ቀን መቼም አትረሺውም። አስተማሪዋ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ሥራ ሰጥታ ነበር፤ ከታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው መርጠው፣ በፀደይ በሚደረገው የወላጆች ምሽት ላይ ታሪኩን በዚያ ሰው አፍ እንዲናገሩ። እኔ ከሥራ ገብቼ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅያለሁ፣ አንቺ ነጭ ሽንኩርት ትልጫለሽ፣ ሜላት በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአርተር መወለድ ነው። አንድ ንጉሥ የሰው ሚስት ተመኘ። አስማተኛው መልኩን በባሏ መልክ ለወጠለት። ሴትዮዋ ባሌ መጣ ብላ በሯን ከፈተችለት፤ እውነተኛው ባሏ ግን በዚያው ሰዓት ጦር ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር። ኋላ ንጉሡ አገባት፣ ወንድ ልጅ ወለደች፣ አስማተኛውም የውለታው ዋጋ ነው ብሎ ሕፃኑን ታቅፎ ሄደ። ልጁ ማን እንደወለደው ሳያውቅ ሰው ቤት አደገ። መጽሐፉ ይህን ሁሉ ባንድ ገጽ ጨርሶ፣ አርተር ከድንጋይ ውስጥ ሰይፍ ነቅሎ ወደነገሠበት ሮጠ።

አንቺ ግን አልሮጥሽም። «ቆይ» አልሽን። «ልጁን ሲወስዱባት ምን አለች?»

ሜላት ገጹን ወደኋላ ገልብጣ ፈለገች። «አይልም» አለች።

«ስሟስ?»

«ኢግሬን።»

«እግሬን? እግሬን የሚባል ስም አለ?» አልሽና ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ ፊትሽ ተለወጠ። ቢላዋውን አስቀመጥሽ። «ይህን የጻፈው ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?» አልሽ። ሜላት ንባቧን ልትቀጥል ስትል እጇን ያዝሻት።

ሠላሳ አራት ዓመት ልጅሽ ሆኜ ያልሰማሁትን በዚያች ወጥ ቤት ሰማሁ። በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ኮምቦልቻ ተድረሽ ነበር። ባልሽ ታሞ ሞተ። ወንድ ልጅ ነበረሽ፤ ጌታሁን ብለሽዋል። ክርስትና በተነሣ በወሩ የባልሽ ቤተሰቦች «ልጁ የኛ ዘር ነው» ብለው እሱን አስቀሩት፣ አንቺን ጭነት መኪና ላይ አሳፍረው ወደ አባትሽ ቤት መለሱሽ። «ጡቴ እየፈሰሰ» አልሽ። ከዚያ በላይ አልተናገርሽም። አባዬም ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው። እኔም እንደ ሞኝ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩሽ።

«ማን ጠየቀኝ?» አልሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ያንቺ ሆነ። ሜላት የምትሆነው ሰው የንጉሡ እናት እንድትሆን ወሰናችሁ፣ እራት እንደተበላ ደብተሯን ይዛ አጠገብሽ ትቀመጣለች። ትነግሪያታለሽ፣ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለች፣ ያልገባትን እኔን ትጠይቀኛለች። መጽሐፉ እናትየዋ ከመጀመሪያ ባሏ የወለደቻትን የአርተርን እህት ክፉ ጠንቋይ ይላታል። አንቺ ደግሞ፣ «ትንሽ ልጅ ሆና አባቷ ሲሞት፣ እናቷ ስትታለል፣ ሕፃኑ ሲወሰድ በዓይኗ አይታለች። እኔ ጠንቋይ አልላትም፣ ምስክር ናት» አልሽ። የአርተር ሚስት ንግሥቲቱ ሌላ ሰው ወደደች ተብላ ልትቃጠል እሳት ሲነድላት፣ «ባሏ በመስኮት ያያል? ቆሞ ያያል?» ብለሽ ሜላት ላይ ጮኽሽባት፣ የፈረደችው እሷ ይመስል። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ስንሄድማ ከውሃው ውስጥ ወጥታ ለአርተር ሌላ ሰይፍ የሰጠችውን ሴት እያነሣሽ፣ «በዚህ ብርድ ውሃ ውስጥ ቆማ ስትጠብቀው አንድ ሰው እንኳ ግቢ ሙቂ አላላትም» ትዪ ነበር። ሜላት ይህንንም ጻፈችው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ታሪኩ ቆመብሽ። ልጁ ነግሦ እናቱን ፊቱ ያቀረቧት ጊዜ ነው። ሜላት እርሳሷን ይዛ፣ «እማማ፣ ሲያገኛት ምን አለችው?» አለችሽ።

«አላውቅም» አልሻት። «እኔ ገና አላገኘሁትም።»

ይቺን ቃል ይዤ አደርኩ፣ ውዬም አልለቀቀችኝም። ለአክስቴ ልጅ ለደረጀ ጻፍኩለት። እሱም አዲስ አበባ ያለውን ሥራውን ትቶ ሁለት ጊዜ ኮምቦልቻ ተመላለሰ። የሚያስታውሱሽ ሽማግሌዎች አገኘ፤ እነሱ ወደ ደሴ መሩት። በአራተኛው ወር ልጅሽ ተገኘ። የእንጨት ሥራ ቤት ያለው፣ የአራት ልጆች አባት። እናትህ አንተን ስትወልድ ሞተች ብለው ነበር ያሳደጉት።

ያቺን ቅዳሜ ጠዋት እንዴት ልርሳት? እሱ ደሴ ስልክ ቤት ቆሞ እየጠበቀ፣ እኔ የስልክ ካርዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ አሳስቼ፣ በመጨረሻ ጠራ። ስልኩን በሁለት እጅሽ ያዝሽው። ሰላምታ ታስቀድሚያለሽ ብዬ ነበር፤ አላስቀደምሽም።

«ልጄ፣ አልሰጠሁህም» አልሽው። «ወሰዱህ እንጂ አልሰጠሁህም።»

የአንድ ትልቅ ሰው ለቅሶ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማ። አንቺ አላለቀስሽም። እስኪጨርስ ጠበቅሽውና፣ «ረጅም ነህ? አባትህ ረጅም ነበር» ብለሽ ጠየቅሽው። ረጅም ነኝ ሲልሽ የሳቅሽው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስልኩ እንደተዘጋ ሜላትን ጠርተሽ፣ «ነይ ጻፊ፣ መጨረሻውን አውቄዋለሁ» አልሻት።

አምስት ቅዳሜ አወራችሁ። ፎቶው ደረሰሽ። ልብሽ ደክሞ ሆስፒታል ስትገቢም ፎቶው አብሮሽ ገባ፤ ለገባች ነርስ ሁሉ፣ «ማይ ሰን» እያልሽ ስታሳዪ፣ እንግሊዝኛ አልችልም ትይ የነበርሽው አንቺ ነሽ ወይ ብዬ ነበር። በስድስተኛው ቅዳሜ ስልኩን ይዤ ያናገርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አልነበርሽም።

ከቀብሩ በኋላ ሜላት ደብተሩን ዘጋች። «አላደርገውም» አለች በእንግሊዝኛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። አልተጫንኳትም። እኔም ደብተሩን ልከፍት አልደፈርኩም ነበር።

ቀኑ ሲቃረብ አስተማሪዋ ኮል አደረገችልኝ። ሜላት አስቀድማ የሰጠቻትን ረቂቅ አንብባ፣ እናትየዋ ለንጉሡ የምትለው መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ከየት መጣ ብላ ጠየቀችኝ። በስልክ አልሆንልሽ አለኝና ሄድኩ። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ። «መጽሐፉ እናትየዋን አልጠየቃትም» አልኳት። «እናቴ ግን ጠየቀቻት። እናቴ መልሱን ታውቀዋለች።» አስተማሪዋ የመጨረሻውን ተራ ለሜላት እንደያዘችላት፣ ካልመጣችም ባዶውን እንደምትተወው ነገረችኝ።

ሜላት በሩ አጠገብ ቆማ ሰምታለች። መኪናው ውስጥ፣ ያቺ አማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በአማርኛ፣ «እማማ የነገረችኝን ሌላ ሰው አያውቀውም፣ አይደል?» አለችኝ።

«ካንቺ በቀር ማንም።»

«ኦኬ» አለች። በቃ፣ ይህችው ነበረች።

እማዬ፣ ምነው ባየሻት። ልጆቹ የካርቶን ሰይፍ ይዘው አንዱ አርተር፣ አንዱ ባለ ፈረስ ጀግና እየሆኑ ወጥተው ወረዱ። ሜላት መጨረሻ ላይ ወጣች። ያንን ግራጫ ሹራብሽን ለብሳ፣ እጅጌውን አራት ጊዜ ጠቅልላ፣ ባዶ እጇን። «ስሜ ኢግሬን ነው፣ የንጉሡ እናት ነኝ፣ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» ብላ ጀመረች። ምስክሯን እህት ነገረቻቸው። ንግሥቲቱን ነገረቻቸው፤ «ባሏ በመስኮት ያያል?» ስትል አንቺ ሜላት ላይ እንደጮኽሽው ጮኸች፣ ከፊት የተቀመጡ አባቶች ቀና አሉ። ሐይቁ ውስጥ በብርድ የቆመችዋን ስትነግራቸው ሳቁላት።

ልጁ ነግሦ እናቱ ፊቱ የቀረበችበት ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ረሳችው ብዬ ነበር። አልረሳችም። ቀና ብላ በአማርኛ፣ ባንቺ ድምፅ፣ ባንቺ አነጋገር፣ «ልጄ፣ አልሰጠሁህም። ወሰዱህ እንጂ አልሰጠሁህም» አለች። በእንግሊዝኛ የደገመችው ኋላ ነው፤ ሰዉ ግን ከዚያ በፊት ገብቶት ነበር። መጀመሪያ የተነሣችው አማርኛም እንግሊዝኛም እምብዛም የማትሰማው ቬትናማዊቷ ጎረቤትሽ ናት፣ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ። ቀጥሎ አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። ከኋላ አንዲት ኤርትራዊት እናት እልልታዋን ለቀቀችው፤ እኔም ተከተልኳት። ሜላት መድረኩ ላይ እንደቆመች ሳቀች፣ ጌታሁን ረጅም ነኝ ሲልሽ አንቺ የሳቅሽውን ሳቅ።

ያን ምሽት የቀረጽኩትን ካሴት ለጌታሁን ላክሁለት። የማያውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ አሳልፎ ያቺን አንድ አረፍተ ነገር እየመለሰ ይሰማታል አለችኝ ሚስቱ።

አሁን ወደዚህ ላመጣው ማመልከቻ ጀምሬያለሁ። ዓመታት ይፈጃል አሉኝ፤ ይፍጅ። ቅጹ ወንድምና እህት መሆናችንን በእናት ስም አሳዩ ይላል። በጌታሁን የልደት ወረቀት ላይ ግን በእናት ስም ቦታ የአክስቱ ስም ነበር የተጻፈው። እሱ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ሥራ ቤቱን ዘግቶ፣ አንቺን የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ና፣ ተመለስ ሲሉት ከረመ፣ እሱም አልታከተ። ያለፈው ሳምንት አዲሱ ወረቀት ማኅተም ተመትቶበት እጄ ገባ።

ከኔ የልደት ወረቀት ጋር ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁት። በሁለቱም ላይ፣ የእናት ስም፦ አስካለ ተሰማ።

እማዬ፣ አንቺን የምናስብሽ እንዲህ ነው፤ ቃሌ ነው። እኔ እስካለሁ፣ ከኔም በኋላ ሜላት እስካለች፣ አስካለ ስንት ልጅ ነበራት ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ ላልጠየቀም ጭምር፣ ሁለት እንላለን።

ልጅሽ፣
ትዕግሥት